የደብረ ሲና መስመር ይመለስልን፤ ደመናውም በስሙ ይጠራ

ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ሳምንታዊውን የአየር ሁኔታ መግለጫ ለሚያዘጋጀው መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ከመግለጫው ላይ ስለተነሣው የከተማችን ትንበያ

ክቡር ኃላፊ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በራሴ ስም ብቻ አይደለም። በመናኸሪያችን የሚሠሩ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ በአስፋልቱ ዳር ቆሎ እየሸጡ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ እናቶች፣ ከከተማው በላይ ገብስና ባቄላ፣ ከከተማው በታች ጤፍና ማሽላ የሚያርሱ ገበሬዎች ባለፈው ወር ተሰብስበን ስንነጋገር «መምህር፣ ዝናቡን ሲለኩ የኖሩት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይጻፉልን» ብለው አደራ ሰጥተውኛል። በደብዳቤ መላላኩ ምላሽ ስላላስገኘልን፣ ጉዳዩ የሚነካው ሕዝብም እንዲያውቀው ስለምንፈልግ፣ አቤቱታችንን በግልጽ ማቅረብን መርጠናል።

እስካለፈው ነሐሴ ድረስ በየሳምንቱ በሚወጣው መግለጫ ላይ ደብረ ሲና ለብቻዋ አንድ አጭር መስመር ነበራት። መስመሯ ሦስት ነገር ትነግረን ነበር፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በምን ዓይነት ደመና እንደሚሸፈን፣ ከከተማዋ በላይ ባለው ተራራ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ይጠበቅ እንደሆነ፣ ዝናብ ከጣለም በካፊያ ይሁን በዶፍ። ከመስከረም ወዲህ ይህቺ መስመር ተነሥታ ከተማችን ከመላው ዞን ጋር ተጠቃልላለች። አሁን የሚደርሰን ግማሽ ፊቷን በደመና የሸፈነች የፀሐይ ሥዕልና ከሥሯ «ከፊል ደመናማ ሆኖ ይሰነብታል፤ በጥቂት ቦታዎች አልፎ አልፎ ቀላል ዝናብ ሊኖር ይችላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። የሙቀቱም መጠን የሚወሰደው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሜዳማው ደጋ ላይ ከሚገኘው ከደብረ ብርሃን ነው። ለምን እንዲህ እንደተደረገ አስቀድሞ የነገረን የለም፤ ሄደን ስንጠይቅም ያገኘነው መልስ «ለአሠራር ስለሚያመች ነው» የሚል ብቻ ነው።

ለአሠራር ማመቸቱን አንክድም። ለእኛ ግን አይሠራም፤ ምክንያቱ ደግሞ የቦታችን አቀማመጥ ነው። ደብረ ሲና በደረጃ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከራስጌዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጣርማ በር ቆሟል፤ ከግርጌዋ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ተወርዶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት ይገኛል፤ ከዚያ ባሻገር የአፋር ቆላ ተዘርግቷል። ከተማዋ ራሷ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ በመካከል ተንጠልጥላለች። በጣልያን ወረራ ዘመን ከተቆፈረው ዋሻ ወጥቶ ቁልቁል የሚነዳ ሾፌር ካፖርቱን እንደለበሰ ተነሥቶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ በሸሚዝ ነው የሚወርደው። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ በዚህች አጭር መንገድ ብቻ ከ10 ዲግሪ በላይ ልዩነት አለ። ደጋውን፣ ወይና ደጋውንና ቆላውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽ ማለት ስለ አንዳቸውም ሳይናገሩ ማለፍ ነው።

የመጀመሪያውና ዋናው ቅሬታችን ጉሙን ይመለከታል።

ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት የበጋ ወራት ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል። ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል እርጥበት ይዞ የመጣ አየር አፋርን ሲያቋርጥ ሰማዩ ብራ ነው፤ ማንም ደመና አያይም። ከተራራችን ሲደርስ ግን ሌላ መሄጃ ስለሌለው ገደሉን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ሽቅብ የሚወጣ አየር ደመና ከመሆኑ በፊት በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ የያዘውን እርጥበት መሸከም ወደማይችልበት ከፍታ ሲደርስ እርጥበቱ ወደ ጠብታ ይለወጥና ደመና ይሆናል። ይህ ከፍታ የት ላይ እንደሚሆን ለማወቅ እንደ እኔ ያለ የጂኦግራፊ መምህር እንኳ በጣቱ ሊያሰላው ይችላል። ሸዋ ሮቢት ላይ በሚለካው ሙቀትና በጤዛ ነጥቡ (የአየሩ እርጥበት ወደ ጠብታ መለወጥ በሚጀምርበት ሙቀት) መካከል ያለው ልዩነት በእያንዳንዱ ዲግሪ 125 ሜትር ያህል ይሰጣል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ፣ የጤዛ ነጥቡ 13 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 12 ነው፤ 12 በ125 ሲባዛ 1,500 ሜትር ይሆናል፤ በሸዋ ሮቢት ከፍታ ላይ ሲደመር 2,800 ሜትር። ይህ ማለት የደመናው እግር ከከተማችን ጣሪያ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ጣርማ በር ሙሉ በሙሉ በውስጡ ይገባል ማለት ነው። ልዩነቱ ወደ 8 ዲግሪ ቢወርድ ደግሞ እግሩ 2,300 ሜትር ላይ ያርፍና ከተማችን ራሷ ትዋጣለች። ለዚህ የሚያስፈልገው ከአንድ ቦታ የሚወሰድ የሙቀትና የእርጥበት ንባብ ነው። ሒሳቡ በየጊዜው ልክ ይመጣል አልልም፤ ነፋሱ ሲለወጥ ይስታል። ነገር ግን «ከፊል ደመናማ» ከሚለው ይልቅ እጅግ ይሻላል።

ይህ ደመና አንድ ነው፤ ስሙ ግን እንደ ተመልካቹ ይለያያል። ሸዋ ሮቢት ላሉት ከተራራው ወገብ ላይ የተነጠፈ ነጭ ደመና ነው። መንገድ ላይ ላለ ሾፌር ጉም ነው። ተራራውን ተሻግሮ ወደ ደብረ ብርሃን ሜዳ ሲወርድ ይሞቅና ይበተናል፤ እዚያ ያለው ሰው ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። ስለዚህ «ከፊል ደመናማ» የሚለው ቃል ለዞኑ ሁሉ ሲደመር ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የጣርማ በርን ጠመዝማዛ ለሚወጣ ሰው ግን ሕይወቱን የሚነካው ነገር ሳይነገረው ቀርቷል። በራሳችሁ ሙያ ደንብ መሠረት ጉም የሚባለው ዕይታን ከ1 ኪሎ ሜትር በታች የሚያወርድ ነው። የኛ ጉም ዕይታን በሜትር የሚያስቆጥርበት ቀን ብዙ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ የከተማችን ወጣት አይሱዙውን ሽንኩርት ጭኖ ከሸዋ ሮቢት ተነሣ። መናኸሪያው ላይ የተለጠፈውን መግለጫ አንብቦ ነበር፤ የፀሐይዋን ሥዕል ስላየ ማታ ላይ ተራራውን አልፎ አዲስ አበባ ለማደር አሰበ። ከከተማችን የመጨረሻ ቤቶች በላይ ሲወጣ ጉሙ ዋጠው። የመስተዋት መጥረጊያው ይሠራል፣ ውኃው ግን በውጭም በውስጥም ነው። ረጅሙን መብራት ሲያበራ ነጭ ግድግዳ ሆኖ ይመለስበታል፤ ሲያጠፋው ደግሞ ጨለማ ነው። በመጨረሻ ረዳቱ ወርዶ የስልኩን መብራት ወደ መሬት አድርጎ፣ በግራ እግሩ የአስፋልቱን ጠርዝ እየዳሰሰ ከፊት ከፊት ይሄድ ጀመር፤ ሾፌሩም የልጁን ጀርባ እያየ ተከተለው። ከፊታቸው ተበላሽቶ የቆመ ተሳቢ እንዳለ ያወቁት ረዳቱ በእጁ ሲነካው ነው። ልጁ ከፊት ባይሄድ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሾፌሩ ሲነግረኝ ቃሉን አልጨረሰም። ማንም አልተጎዳም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ያ መስመር ቢኖር ኖሮ ግን ወጣቱ ሸዋ ሮቢት አድሮ ረፋዱ ላይ ይወጣ ነበር፤ ድሮም እንዲህ ያደርግ ነበርና።

ጉሙ የሚጎዳው ሾፌሩን ብቻ አይደለም። በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ የደብረ ሲናን ቆሎ ያውቃል። እናቶቹ ሌሊት ቆልተው ጠዋት መንገድ ዳር ያወጡታል። ጉም በሚወርድበት ቀን አውቶቡሶቹ አይቆሙም፤ ቆሎውም በሰፌድ ላይ ሆኖ እርጥበት ይስብና ይለሰልሳል። ኩርሽም የማይል ቆሎ የሚገዛ የለም፤ ዳግመኛ ቢቆላ ያርራል። ስለዚህ ጉም እንደሚመጣ ካወቁ የሚቆሉትን ይቀንሱ ነበር። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ለእነርሱ ግን የልጆቻቸው የዕለት ጉርስ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ የመኸሩን ጊዜ ይመለከታል፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ ግድ ይለኛል።

በኅዳር ወር ከከተማው በታች ያለው ጤፍ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ ወደ አውድማ ይወጣል። አውድማ የሚጣለው በደቦ ነው። ደቦ ለመጥራት ጠላው አስቀድሞ መጠመቅ፣ እህሉ መፈጨት፣ ጎረቤቱ ቀን መቁረጥ አለበት፤ ቀኑ የሚቆረጠውም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ነው። ከዚያ በኋላ ቀን መለወጥ ማለት ጠላውን ማሻገት፣ የሌላውንም ሰው ተራ ማፍረስ ነው። መግለጫው ግን አሁን አሁን እኛ ዘንድ የሚደርሰው ማክሰኞ ነው። ሰኞ የሚጀምረውን ሳምንት ማክሰኞ መተንበይ ለማን እንደሚጠቅም አልገባንም።

ባለፈው ኅዳር መግለጫው «በአብዛኛው ደረቅና ፀሐያማ» አለ። ባሏ የሞተባት አንዲት ጎረቤቴ ይህንኑ ሰምታ ደቦዋን ለሐሙስ ጠራች። ረቡዕ ማታ ደመናው እንደ ንጣፍ ሆኖ ከታች ሽቅብ ተሳበ፤ መብረቅም ነጎድጓድም አልነበረውም። ሐሙስ ጠዋት ካፊያ ሆነ። ዶፍ ቢሆን ኖሮ ሰው ሮጦ ይሸፍን ነበር፤ ካፊያ ግን «አሁን ያባራል፣ አሁን ያባራል» እያሰኘ ሦስት ቀን ሙሉ ወረደ። እኔ ዓርብ ሌሊት ቤቷ ገብቼ ነበር። ከአውድማው ያነሣችውን እርጥብ ጤፍ በጅባና በአሮጌ ሸራ ላይ አስጥታ፣ ምድጃውን አንድዳ፣ ከሁለት ልጆቿ ጋር በእጃቸው ያገላብጡት ነበር። ቤቱ የረጠበ ገለባ ይሸታል። ትንሿ ልጅ እጇ እህሉ ውስጥ እንዳለ እንቅልፍ ወስዷታል። በገበያ ቀን ነጋዴው አንድ እፍኝ አነሣ፣ በመዳፉ አሸው፣ አሸተተው፣ ወደ ጆንያው መለሰው። ነጭ ጤፍ ተብሎ ሊሸጥ የነበረው በድብልቅ ዋጋ ሄደ።

በዚያን ሳምንት ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ እንደነበረ አጣርቻለሁ። ስለዚህ መግለጫው ሐሰት ነበር አልልም። እውነቱ የሌላ ቦታ እውነት ነበር።

ሦስተኛው ነገር የዚሁ ተቃራኒ ነው። በታኅሣሥና በጥር መግለጫው ለዞኑ በሙሉ የውርጭ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ለደብረ ብርሃን ሜዳ ተገቢ ነው፤ እዚያ በበጋ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ሜዳው ላይ ተኝቶ ስለሚያድር ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በእኛ ተዳፋት ግን ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ቁልቁል ስለሚፈስ ውርጭ እምብዛም አይጥልብንም። የችግኝ ጣቢያ ያላቸው ወጣቶች ማስጠንቀቂያውን አምነው ላስቲክ ገዝተው ችግኛቸውን ሸፈኑ፤ ውርጩ አልመጣም፤ ለፍግና ለዘር ያስቀመጡት ገንዘብ ግን አለቀ። ከዚህ የሚከፋው፣ አሁን «መግለጫው እንደሆነ ይዋሻል» ማለት ጀምረዋል። ይህ ልማድ ከሠረጸ ነገ እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ የሚሰማው አይገኝም።

አራተኛ፣ የዝናቡ ዓይነት ከመግለጫው ጠፍቷል። ለእኛ በልግ እንደ ሌላው አገር ትርፍ ዝናብ አይደለም፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለውን ጠብቆ ገብስ የሚዘራ ብዙ ገበሬ አለ። በልጉም ሆነ ክረምቱ ሲመጣ መግለጫው «መደበኛ»፣ «ከመደበኛ በላይ» ወይም «ከመደበኛ በታች» ይላል። መጠኑን ማወቅ መልካም ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 20 ሊትር ውኃ ማለት ነው። ያ ውኃ ሰማዩን ሁሉ ከሸፈነው ግራጫ የዝናብ ደመና ቀኑን ሙሉ በቀስታ ከወረደ መሬቱ ይጠጣዋል፤ ለገብሱ በረከት ነው። ያው 20 ሊትር ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ እንደ ግንብ ከተነሣ ነጎድጓዳማ ክምር ደመና በግማሽ ሰዓት ቢወርድ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፤ በረዶ ከጨመረበትም ያበበውን ባቄላ አርግፎት ያልፋል። መለኪያዬ ላይ ሁለቱም 20 ናቸው። ማሳው ላይ ግን አይገናኙም። በ1998 ዓ.ም. በይዛባ ወይንና በሾተል አምባ በኩል ተራራው ተንሸራትቶ ሰው ከቀዬው የተፈናቀለበትን ጊዜ የማያስታውስ የአካባቢያችን ሰው የለም። ውኃ የጠገበ ተዳፋት ሥር የሚኖር ሕዝብ ዝናቡ እንዴት እንደሚወርድ አስቀድሞ የማወቅ መብት አለው ብለን እናምናለን።

አምስተኛው ቅሬታችን ስለ ቋንቋው ነው። «አልፎ አልፎ» ማለት በጊዜ ነው ወይስ በቦታ? «ጥቂት ቦታዎች» የትኞቹ ናቸው? ይህን ስንጠይቅ «ሕዝቡ የደመና ዓይነት ቢነገረው አይገባውም» የሚል አስተያየት ከመሥሪያ ቤታችሁ ባለሙያ ሰምተናል። ይህ አባባል አሳዝኖናል። ደመናን በዓይነት የመለየት ሥራ ከመጀመሪያው በዓይን የሚታይ ነገር ነው። በ1802 እ.ኤ.አ. ሉክ ሃዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ የመድኃኒት ባለሙያ ለደመናዎች ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበትን ስም ሲያወጣ ያደረገው ያየውን በላቲን መጥራት ነበር፤ የፀጉር ቁንዳላ የመሰለውን ሲረስ፣ ክምር የመሰለውን ኩሙለስ፣ ንጣፍ የመሰለውን ስትራተስ፣ ዝናብ ያዘለውን ኒምበስ አለው። ዛሬ ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸው 10 ዋና ዋና ዓይነቶች ከእነዚሁ ቃላት ጥምረት የወጡ ናቸው። የኛ ገበሬ ደግሞ ላቲኑን ባያውቅም ደመናውን ያውቃል። ከፍ ብሎ እንደ ተነደፈ ባዘቶ የሳሳውን ሲያይ ዛሬ ዝናብ እንደሌለው ያውቃል። ያ ባዘቶ እየወፈረ ሄዶ ጨረቃን ቀለበት ሲከባት አየሩ ሊለወጥ እንደሆነ ይጠረጥራል። በክረምት ጠዋት የበግ መንጋ የመሰለው ደመና አናቱ ላይ ትናንሽ ግንቦች ካበቀለ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ እንደሚመጣ ልጆቻችን ሳይቀሩ ይናገራሉ፤ የእናንተም መጻሕፍት ይህንኑ ይላሉ። ረፋድ ላይ ብቅ ብቅ የሚለው ነጭ ክምር እንደ ጎመን አናት እየቆለለ ከሄደ እህሉን ያስገባል፤ ጠፍጠፍ ብሎ ከቀረ ያሰጣል። የሚያስቸግረን ዛሬ ከዓይናችን ፊት ያለውን ማወቅ አይደለም፤ የነገውንና የተነገ ወዲያውን ነው። መሣሪያውና ሳተላይቱ ያለው እናንተ ዘንድ ነው። የምንለምነው የምታዩትን በምናውቀው ቃል እንድትነግሩን ነው።

ስድስተኛውን በራሴ ላይ ከደረሰው ልናገር። ከተማችን ውስጥ በአንድ ግቢ የቆመውን የዝናብ መለኪያ ማስተማር ከጀመርኩበት ጊዜ አንሥቶ ጡረታ እስከወጣሁበት፣ ከዚያም ወዲህ በፈቃደኝነት፣ በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አነባለሁ። ውኃውን በመስፈሪያው ቀድቼ፣ ዓይኔን ከውኃው ወለል ጋር አስተካክዬ፣ ቁጥሩን ቅጽ ላይ እሞላለሁ፤ ከጎኑም ሰማዩ ከስምንት እጅ ስንቱ እንደተሸፈነና ደመናው ምን ዓይነት እንደሆነ እጽፋለሁ። ቅጹን ለመውሰድ ሰው መምጣት ካቆመ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አዲስ ቅጽም ስለማይላክ በደብተር እያሰመርኩ ነው የምጽፈው። አጥሩ ወድቆ ፍየል ይገባል። ከሁሉ የሚከፋው ከመለኪያው አጠገብ የበቀለው ባሕር ዛፍ ነው፤ መለኪያ ከሚጋርደው ነገር ቢያንስ የዚያን ነገር ቁመት እጥፍ ያህል ርቆ መቆም ሲገባው፣ ዛፉ ዛሬ ቅርንጫፉን በላዩ ዘርግቷል። ነፋስ ያዘለ ዝናብ ሲጥል ከትክክለኛው ያነሰ እንደምመዘግብ አውቃለሁ፤ ይህን በእያንዳንዱ ገጽ ኅዳግ ላይ ጽፌዋለሁ። በቃልም በጽሑፍም አሳውቄያለሁ። የከተማዋ መስመር የተነሣው «ከቦታው አስተማማኝ መረጃ ስለማይገኝ» ነው የሚባል ከሆነ፣ መረጃው ያልተገኘው ስላልተለካ ሳይሆን የሚረከበው ስለጠፋ መሆኑን በዚህ ደብዳቤ አስመዘግባለሁ። ደብተሮቹ ቤቴ ውስጥ ከአይጥ ተጠብቀው በሣጥን ይገኛሉ።

ክቡር ኃላፊ፣ የሰባት ቀን ትንበያ የመጨረሻዎቹ ቀናት ከመጀመሪያዎቹ ያነሰ እርግጠኝነት እንዳላቸው እናውቃለን። በሳታችሁ ቁጥር ልንከሳችሁ አይደለም የተነሣነው። ለአምስተኛውና ለስድስተኛው ቀን «እርግጠኛ አይደለንም» ብትሉን እንደ ድክመት አንቆጥረውም፤ ገበሬው ራሱ ሰማዩን አይቶ የቀረውን ይሞላል። የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የደብረ ሲና መስመር ከመጪው የበልግ ወቅት በፊት ወደ መግለጫው ይመለስ። የሙቀት መጠኑ ከደብረ ብርሃን የሚወሰድ ከሆነ የከፍታው ልዩነት ታስቦ ይስተካከል፤ ውርጭም ለየትኛው ክፍል እንደሆነ ተለይቶ ይነገር። ለጣርማ በር መንገድ ጉም ይጠበቅ እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሚበረታ በየቀኑ፣ ቢቻል በከተማው መናኸሪያና በሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ይለጠፍ። ከሥዕሉ ጎን ደመናው በዓይነቱ ይገለጽ፤ ባዘቶ፣ ክምር፣ ንጣፍ፣ ነጎድጓድ ያዘለ ክምር ብትሉን ይገባናል፤ ዝናቡም ካፊያ ወይስ ዶፍ፣ ጠዋት ወይስ ከሰዓት በኋላ እንደሆነ ይጠቀስ። መግለጫው ቅዳሜ ከቀትር በፊት ይድረሰን፤ እሑድ ቀን የሚቆርጥ ገበሬ እንዲጠቀምበት።

የዝናብ መለኪያውን በተመለከተ፣ አንድ ባለሙያ መጥቶ ቦታውን ይይልን። አጥሩን ለማጠር ወጣቶቹ ተስማምተዋል፤ እንጨቱንም እኛ እናዋጣለን። ባሕር ዛፉን ለመቁረጥ ወይም መለኪያውን ለማዛወር ግን የእናንተ ውሳኔና ፊርማ ያስፈልጋል። በሣጥን ያሉትን ደብተሮች የሚረከብ ሰው ይላክልን፤ ፈርሞ ይረከበኝ። ከእኔ በኋላ የሚያነብብ ሰው እንዲኖርም ሁለት ወጣቶች አሠልጥኜ ዝግጁ አድርጌያለሁ፤ ስማቸው በቅጽ ተመዝግቦ እንደ ተመልካች እንዲታወቁ እንጠይቃለን።

ለዚህ አቤቱታ በ30 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን፣ የማይቻል ነገር ካለም ለምን እንደማይቻል እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን። መልሱ በመናኸሪያው ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ ሁሉም ያነበዋል።

ከአክብሮት ጋር፣

የደብረ ሲና የሾፌሮች፣ የቆሎ ነጋዴዎችና የገበሬዎች ተወካይ፣
ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርና የዝናብ መለኪያ ተመልካች